የሚመለስ ጉዞ
በአላጥሽና በዲንደር ብሔራዊ ፓርኮች መካከል ስለሚደረግ የትምህርትና የጥናት ጉዞ ዝግጅት

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የተፈጥሮ ጥበቃ ሥልጠና ላይ የተሰጠ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ማለዳ በየአጥቢያችን ቅዳሴ ሲቀደስ ከጽናው ያረገው ዕጣን ከየትኛው ዛፍ እንደተገኘ፣ ያ ዛፍስ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ከመካከላችን ስንቶቻችን ጠይቀናል? ዕጣን ከሚገኝባቸው የአገራችን ሥፍራዎች አንዱ የመተማና የቋራ ቆላ ነው። በዚያ አካባቢ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያስረዱት ትልልቆቹ የዕጣን ዛፎች ቆመው ቢታዩም ቡቃያዎቻቸው ወደ ወጣት ዛፍነት ሳይደርሱ ይጠፋሉ። እሳትና ልቅ ግጦሽ ቡቃያውን ይፈጁታል፤ ያለ ዕረፍት ግንዱን መጫርም እናቲቱን ዛፍ ያደክማታል። ልጅ ያልተተካለት ዛፍ ሲወድቅ ከእርሱ ጋር የሚወድቀው ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ይህን ያነሣነው ስለ ጉዞ ለመናገር ነው። የዕጣኑን ዛፍ የሚያቃጥለው እሳትም፣ የሚያጠጣው ውኃም፣ በሥሩ የሚያልፈው አውሬም የአገር ድንበር አያውቅም። ስለዚህ ይህን ምድር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን አንድ ላይ ማየት ይኖርበታል።

በእኛ በኩል በቋራ ወረዳ አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከእርሱ በስተምዕራብ፣ በሱዳን ምድር፣ ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ይዋሰነዋል፤ እርሱም በ1927 ዓ.ም. የተከለለና 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነው። የዲንደር ወንዝ ከጣና በስተምዕራብ ካለው የአገራችን ደጋ ይነሣል፤ በክረምት ሞልቶ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ በበጋ ደግሞ ፍሰቱ ቆሞ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ሙላቱ በዲንደር ፓርክ ውስጥ «ማያ» የሚባሉትን ረግረጋማ ሥፍራዎች ይሞላል፤ በሐሩር ወራት የዱር አራዊቱ ሕይወት የሚንጠለጠለው በእነዚህ ላይ ነው። እንግዲህ በእኛ ደጋ ዛፍ ሲቆረጥና አፈር ሲታጠብ ጉዳቱ እኛ ዘንድ ብቻ አይቀርም፤ የጎረቤታችንን ማያ በደለል ሊሞላው ይችላል። በድንበሩ የተነሣ እሳትም እንዲሁ ነፋሱ ወደ ነፈሰበት ይሄዳል።

በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ራሳቸውን ችለው ፎቶ የሚያነሡ ካሜራዎችን በአላጥሽ ተክለው አንበሳ መኖሩን በምስል አረጋግጠዋል። በሁለቱ ፓርኮች በድምሩ ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉም ገምተዋል። የአገሬው ሰው ግን አንበሳው እንዳለ ድሮም ያውቅ ነበር። ዓለም ዜና ነው ያለውን እረኛው በየሌሊቱ ሲሰማው ኖሯል። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ፤ ጥናት ማለት ሰው የሌለበትን ምድር ማግኘት አይደለም፣ ነዋሪው የሚያውቀውን በማስረጃ ማጽናትና ለሚወስኑት ማድረስ ነው።

አባቶቻችን ስለዚህ ጉዳይ ያስተማሩን ምሳሌ አለ። ሙሴ የከነዓንን ምድር እንዲያዩ 12 ሰዎችን በላከ ጊዜ ሂዱና ተመልከቱ ብቻ ብሎ አላሰናበታቸውም። ጥያቄ ሰጣቸው። ሕዝቡ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ምድሪቱ ወፍራም ናት ወይስ ስስ? ዛፍስ አለባት ወይስ የለባትም? ጊዜውም የወይን ፍሬ መብሰል የጀመረበት ወቅት ነበር። ከ40 ቀን በኋላ ፍሬ ይዘው ተመለሱ፤ ያዩትንም ለማኅበሩ ሁሉ ፊት ለፊት ተናገሩ። ጥያቄ፣ ወቅት፣ የመመለሻ ቀን፣ ፍሬ፣ ለሕዝብ የሚቀርብ ቃል፦ ማንኛውም የጥናት ጉዞ ከእነዚህ አምስቱ አንዱ ከጎደለው መንሸራሸር ብቻ ነው። በአንድ ነገር ግን ከእነርሱ እንለያለን። እነርሱ በስውር ሄዱ፤ እኛ ግን በፈቃድና በግልጥ መሄድ አለብን።

ይህን የምንለው ከተጻፈው ብቻ ተምረን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ራሳችን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ይዘን፣ ድንበር ሳንሻገር፣ በወገናችን ባለው ጫካ ዳር የትምህርት ጉዞ አዘጋጅተን ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፈን ሁሉ ነገር የተሟላ መሰለን። በመንገዱ ላለው ቀበሌ ግን አላሳወቅንም ነበር። በአንድ ኬላ አስቆሙን፤ ሌሊቱን በቅርብ ባለ ቤተ ክርስቲያን አደርን፤ በማግሥቱም ተመለስን። ጥፋቱ የእኛ ነበር። በዚያ ሌሊት አንድ ሽማግሌ የነገሩን እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። ከዚህ በፊት የመጡ ብዙዎች ዛፉን ቆጥረው፣ ምስል አንሥተው፣ ስማቸውን ጠይቀው ሄደዋል፤ ያገኙትን ግን ተመልሶ የነገራቸው አንድም ሰው የለም። ስለዚህ መንገደኛ ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣባቸው ሐሳብ ጥርጣሬ ነው። እኛም ምን ልናይ እንደመጣን አልነገርናቸውም ነበርና መልስ አልነበረንም።

ዛሬ የድንበሩ መንገድ ክፍት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በመተማ በኩል የሚመጡት ስደተኞች እንጂ ተማሪዎች አይደሉም። በእኛም ወገን ጉዞን የሚከለክል የጸጥታ ችግር አለ። ማንንም ወጣት ለትምህርት ብለን ወደ አደጋ አንልክም። ታዲያ ዛሬ ስለዚህ ጉዞ መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። የእኛ መልስ አንድ ነው፦ መንገዱ በተከፈተ ቀን የምንሻገረው ዛሬ ያዘጋጀነውን ይዘን ነው። ባዶ እጁን የሚሻገር ጎረቤቱን የሚጠቅምበት ነገር አይኖረውም። በዚህ ምክንያት ለየሰበካው የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ጥያቄውን ምረጡ። ብዙ ጥያቄ አያስፈልግም። የወንዛችሁ ውኃ በየዓመቱ መቼ መፍሰሱን ያቆማል? የመጀመሪያው ሙላትስ መቼ ይመጣል? ሰደድ እሳት በየትኛው ወር፣ ከየት ወገን ይነሣል? በተመረጠ አንድ ቦታ ስንት ወጣት የዕጣን ዛፍ አለ? ከብት በአውሬ የተበላበት ማን ነው? ከእነዚህ አንዱን ይዛችሁ በመዝገብ ጻፉ። አባቶቻችን ዘመንን በበዓላት ይቆጥራሉና «ውኃው ከጥምቀት በፊት ቆመ» ብሎ መጻፍ መልካም ነው፤ ከጎኑ ግን የእኛንም የጎረቤቶቻችንንም አቆጣጠር ጻፉ፤ የእኛ ኅዳር 1 በእነርሱ አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 10 ነውና። ሁለት መዝገቦች ጎን ለጎን ሊነበቡ የሚችሉት ቀናቸው ሲስማማ ብቻ ነው። ቅጹም በአማርኛና በዓረብኛ ቢዘጋጅ የተሻለ ነው።

ሁለተኛ፣ ፈቃድን ከላይም ከታችም ጠይቁ። የፓርኩ አስተዳደርና የክልሉ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የቀበሌውና የአገር ሽማግሌዎች ፈቃድ ግን ከዚያ አያንስም። ድንበር መሻገር በሚቻልበት ጊዜ ፓስፖርትና የሁለቱም መንግሥታት ፈቃድ ግድ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያ አይተካቸውም። ዘር፣ ቅጠል ወይም ሙጫ ለምርምር ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይኸው አዋጅ የማኅበረሰቡን ዕውቀትም ይጠብቃል። ኬላና ወታደር ፎቶ አታንሡ።

ሦስተኛ፣ ወቅቱንና ጤናውን አስቡ። በክረምት የቆላው መንገድ በጭቃ ይዘጋል፤ ሚያዝያም ሐሩሩ የከበደ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ጉዞው ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቢጠናቀቅ ለምግብም ለጉልበትም ይቀላል። ቆላው የወባና የካላዛር አገር ነው። አጎበር ሳይዝ ማንም አይሂድ፤ ከተመለሰ በኋላ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበት ሰው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የት እንደነበረ ይናገር።

አራተኛ፣ በዚያ የሚቀበሉንን ሰዎች አክብሩ። በድንበሩ ዙሪያ ጉሙዝ አለ፣ ከብቱን ይዞ የሚዘዋወር ፈላታ አለ፣ አብዛኛው የሱዳን ሕዝብም ሙስሊም ነው። እሳቱን ሁሉ በእረኛው፣ ጥፋቱን ሁሉ በጎረቤት የሚያሳብብ ጥናት ከመጀመሩ በፊት ፍርዱን የጨረሰ ነው። ሙሴ ከላካቸው ከ12ቱ ሰዎች አሥሩ ይዘው የተመለሱት ፍርሃትን እንደነበረ አንርሳ፤ ሕዝቡም በዚያ ምክንያት 40 ዓመት በምድረ በዳ ተንከራተተ። መተማ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት ምድር ናት፤ የድንበሩ ትዝታ የጦርነት ትዝታ ነው። ጥያቄና መዝገብ ይዞ የሚሻገር ወጣት ሌላ ትዝታ ሊተክል ይችላል።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ መመለሻውን ከመሄዳችሁ በፊት ወስኑ። በበጀቱ ላይ ለመኪናና ለስንቅ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ ለመናገርም ገንዘብ ይመደብ። ሪፖርቱ በየትኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በየትኛው አጥቢያ እንደሚነበብ ይጻፍ። ከዚያ አስቀድሞ ግን ጥያቄውን ለመለሱልን ለቆላው ሰዎች ይነበብ።

እኛም ለዚያ ሽማግሌ ዕዳ አለብን። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ዲንደር አይሆንም፤ ወደዚያ ኬላ ነው፣ የሰበሰብነውን ይዘን።

ቸሩ አምላካችን ለሱዳን ሕዝብ ዕረፍትን፣ ለአገራችን ሰላምን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።