ኬሚስትሪን ከጨው ስለ መጀመር



ለክረምት ትምህርት ወደ መርሳ የምንሄደው እኛ የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ እንደ ዳዊት ከማስደገም ይልቅ ከጨው መጀመር ይሻላል ብለን እናምናለን።

ሶዲየም ውሀ ሲነካው የሚቀጣጠል ብረት ነው፤ ክሎሪንም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1915 በጦር ሜዳ ወታደር የፈጀ መርዘኛ ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ከአፋር ምድር የሚመጣው፣ አያቶቻችን አሞሌውን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት ጨው ይሆናሉ። ውሁድ ማለት ይህ ነው።

በሠንጠረዡ ላይ ከክሎሪን ቁልቁል ብንወርድ፣ ብሮሚንን አልፈን በ53ኛው ቁጥር አዮዲንን እናገኛለን። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ ኢምንት ነው። ሲጎድል ግን እንቅርት ያወጣል፤ በእርጉዝ እናት ላይ ሲጎድል ደግሞ የፅንሱን አእምሮ ይጎዳል። በተራራማው አገራችን ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስደው እህሉም ያንሰዋል።

ፈረንሳዊው ኩርቷ አዮዲንን ከባሕር አረም አመድ ያገኘው በ1811 ነበር። በአገራችን በምግብ ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር የሚያዝዘው ደንብ የወጣው በ2011 ነው፤ 200 ዓመት! ዘገየ ብንል ማን ይቆጣናል?

ደንብ ግን ማድቤት ድረስ አይገባም። ጨው ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ እንዲቀመጥ፣ እንዳይታጠብ፣ ወጡ ሊወርድ ሲልም እንዲጨመር ለእናቱ የሚነግራት ተማሪው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ጥቂት ጨው በወረቀት ጠቅልሎ፣ በከረጢቱ ላይ የተጻፈ ነገር ካለም ገልብጦ እንዲያመጣ እንጠይቃለን።