ከራስ አልፎ ለሌላ መትረፍ

ውድ ተመራቂዎች፤

በቋንቋችን "ምረቃ" እና "ምርቃት" ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ትምህርት ቤቱ አስመርቋችኋል፤ ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ይመርቋችኋል። እነሱ ሲመርቁ "ራሳችሁን ቻሉ" ብለው አያቆሙም፤ "ከራሳችሁ አልፋችሁ ለሌላ ትረፉ" ይላሉ። ይህችን ሁለተኛ ምርቃት በሕይወቱ የፈጸማት ሰው እዚሁ አትላንታ ኖሯል።

አሎንዞ ኸርንደን በ1858 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ በባርነት ተወለደ። ነፃነት ሲመጣ ቤተሰቡ መሬትም ገንዘብም አልነበረውም። በ1878 አሥራ አንድ ዶላር ይዞ ከተወለደባት ከሶሻል ሰርክል በእግሩ ወጣ። ሴኖያ ላይ ፀጉር ማስተካከል ለመደ፤ አትላንታ ገብቶ ተቀጠረ፤ ቆጠበ፤ የራሱን ፀጉር ቤት ከፈተ። በፒችትሪ ጎዳና የከፈተው ፀጉር ቤት ስመ ጥር ሆነ። በ1906 ጥቁሮችን ሊያጠቃ የወጣ የነጮች መንጋ ፀጉር ቤቱን አጠቃው፤ እሱ ግን ሥራውን ቀጠለ። ራሱን ቻለ ማለት ይህ ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም። በዚያ ዘመን በአንድ የአትላንታ ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ምእመናን ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ የታመመውን የሚረዱበት፣ የሞተውን የሚቀብሩበት ማኅበር ነበራቸው። እኛ ብናየው "ይህማ እድር ነው" እንል ነበር። በ1905 አዲስ የወጣ የጆርጂያ ሕግ እንዲህ ያሉ ማኅበራት 5,000 ዶላር ዋስትና እንዲያስይዙ አዘዘ። ማኅበሩ ከየት ያምጣው? ሊፈርስ ሲል ኸርንደን በ140 ዶላር ገዛው፤ ዋስትናውንም ከኪሱ አስያዘ። አትላንታ ላይፍ የተባለው የመድን ድርጅት ከዚያ ተነሥቶ ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል።

ተመራቂዎች፣ አስተውሉ። ፀጉር ቤት ውስጥ ለዓመታት ባይቆጥብ ኖሮ በዚያች ቀን ማኅበሩን የሚያድን እጅ አይኖረውም ነበር። ባዶ እጅ ሌላውን አያነሣም። ስለዚህ ሥሩ፣ ቆጥቡ፣ በዕዳ አትታሠሩ፣ ሙያችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። የሰበሰባችሁት ለራሳችሁ ብቻ ከሆነ ግን ምርቃቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ወላጆቻችሁ ይህን ያውቁታል። የሌሊት ፈረቃ ሠርተው በማለዳ ትምህርት ቤት ያደረሷችሁ፣ ከደመወዛቸው ለእቁብ ከፍለው፣ ለአገር ቤት ልከው፣ የተረፈውን ለናንተ ያዋሉ ናቸው። በዚህ ከተማ ሰው ሲሞትብን ድንኳን የሚተክለው፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚሸኘው እድር የቆመው በእነሱ መዋጮ ነው።

አሁን ግን የእድሩን መዝገብ የያዙት እጆች እየደከሙ ነው። እናንተ ሒሳብ፣ ሕግ፣ ሕክምና፣ ኮምፒውተር ተምራችኋል። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ስትቀበሉ በእድሩ ተመዝገቡ። በስብሰባው ተገኙ። አንድ ቀንም መዝገቡን ከአባቶቻችሁና ከእናቶቻችሁ እጅ ተረከቡ።

ከራሳችሁ አልፋችሁ ለሌላ የምትተርፉ ያድርጋችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ!