የኮርማ ዘር ማህፀን ውስጥ ምን ይገጥመዋል?

አዳቃይ ባለሙያው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በቀዘቀዘ ናይትሮጅን ውስጥ የቆየውን የኮርማ ዘር አሙቆ ላሚቱ ማህፀን ውስጥ ያኖረዋል። ከዚያስ?

በሰዓታት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ማህፀኗ ይጎርፋሉ። ዘሩ ለእሷ ባዕድ ነውና ይውጡታል፤ ከሚሊዮኖቹ እንቁላሉ ዘንድ የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። ይህ ጉዳት ብቻ አይደለም። አብሮ የገባ ባክቴሪያና የሞተ ዘርም ይጠረጋል፣ ማህፀኑ ለጽንስ ይጸዳል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ዘሩ ለኮርማው ለራሱም ባዕድ መሆኑ ነው። መመረት የሚጀምረው ወይፈኑ ለመራባት ሲደርስ ነው፤ የሰውነቱ መከላከያ ደግሞ የራሱን ከሌላው መለየት የተማረው ከዚያ አስቀድሞ ነው። ስለዚህ ቆለጡ ውስጥ ሰርቶሊ የሚባሉ ሴሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ዘሩን ከደም ይጋርዱታል። ቆለጡ ተጎድቶ ይህ ግርዶሽ ከተቀደደ፣ ሰውነት የገዛ ዘሩን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ሊሠራ ይችላል። በሰውም እንዲሁ ነው።

ወደ ላሚቱ ማህፀን ስንመለስ፣ ላማችሁ ደጋግማ ተዳቅላ አልይዝ ካለች፣ እንደገና ከማስዳቀላችሁ በፊት ማህፀኗ ብግነት እንዳለበት ወይም እንደሌለበት በእንስሳት ሐኪም አስመርምሩ።