በቆመ ቤት ላይ መስኮት ስለ መክፈት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ይህ ንግግር በመጀመሪያ ለመስጊዳችን ኮሚቴ አባላት በቃል የቀረበ ነበር። በመታሰቢያው መጽሔት እንዲወጣ ስጠየቅ፣ እናንተም አብራችሁን እንደ ተቀመጣችሁ አድርጌ አሰናዳሁት።

ሰፈራችን ልደታ ማርያም ለውጥ ምን እንደ ሆነ በዐይኑ ያየ ሰፈር ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየም ቆመ፤ ብዙ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ተለያየ። ይህ አንዱ የለውጥ መንገድ ነው፤ አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት። በሜክሲኮ በኩል ዘልቀን ሰንጋ ተራ ስንደርስ ግን፣ በረዣዥሞቹ የባንክ ሕንፃዎች ውስጥ ሌላ ዓይነት ለውጥ እናገኛለን። እርሱም ቤቱ እንደ ቆመ፣ ሠራተኛውም ሥራውን ሳያቋርጥ፣ በግድግዳው ላይ አዲስ መስኮት መክፈት ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

ነገሩ ኑሯችንን የሚነካ ነው። ወለድ በሃይማኖታችን ክልክል በመሆኑ፣ ብዙ ሙስሊም ነጋዴ ለረጅም ዘመን ሳይበደር በእጁ ባለው ብቻ ሲነግድ ኖሯል። ባንክ ያስቀመጠውም ወለዱን አልፈልግም ብሎ ይተወው ነበር። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ከወለድ ነፃ ለሆነ አገልግሎት በሕግ በሩን ገርበብ አደረገው። በ2004 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ሲያወጣ ግን የፈቀደው ሙሉ ባንክ ማቋቋምን አልነበረም፤ ነባሮቹ ባንኮች በውስጣቸው አገልግሎቱን እንዲሰጡ፣ ገንዘቡንና ሒሳቡንም ከወለዱ ለይተው እንዲይዙ ነበር። በባንክ ቋንቋም ይህ አሠራር «መስኮት» ይባላል። ሙሉ ባንክ ለማቋቋም ተነሥተው የነበሩ ሰዎች ሥራቸውን አቆሙ፤ ቅሬታውም ብዙ ነበር።

እኔም ቅር ከተሰኙት አንዱ ነበርኩ። አንባቢ ሆይ፣ ጥፋቴን አልደብቅህም። መስኮቶቹ በተከፈቱ ሰሞን አንድ ጁምዓ ሚንበር ላይ ወጥቼ «ውኃና ዘይት በአንድ ማድጋ አይቀመጥም፤ አትጠጉ» አልኩ። መመሪያውን አላነበብኩም፤ የሚያውቅ ሰውም አልጠየቅሁም። ከጀመዓችን አንዲት እናት ቃሌን ሰምታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ሣጥኗ ውስጥ አኖረች፤ ሌባ ገብቶ ወሰደባት። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ እኔ ግን ባገኘኋት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ሳይመረምሩ ለውጥን መቃወም፣ ሳይመረምሩ ለውጥን ከማጨብጨብ የማይሻል መሆኑን ያስተማረችኝ እርሷ ናት።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ጀመርኩ። አንድ ልብስ ሰፊ ወንድማችን የስፌት መኪና በሙራባሓ ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። የሙራባሓ ሥርዓት ይህ ነው፦ ባንኩ ዕቃውን አስቀድሞ በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ ዕቃው የባንኩ ንብረት ይሆናል፤ ቢጠፋም ቢሰበርም ኪሣራው የባንኩ ነው። ከዚያ በኋላ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ገልጾ ለደንበኛው ይሸጣል። ለምሳሌ በ40,000 ብር ገዝቶ በ46,000 ብር ቢሸጥለት፣ ደንበኛው በየወሩ ይከፍላል፤ ክፍያው ቢዘገይ እንኳ የሽያጩ ዋጋ ከፍ አይልም።

ባንክ ቤት ስንደርስ ግን ሠራተኛው የሽያጩን ውል አስቀድሞ አቀረበለት። «ገና ያልገዛችሁትን እንዴት ትሸጡለታላችሁ?» አልኩት። እርሱም በትሕትና፣ «ሸኽ፣ ያው ብድር ማለት እኮ ነው፤ የተለየው ወረቀቱ ነው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ዕድሜውን ሁሉ ሲያበድር የኖረ ሰው ነው፤ መስኮቱ ተከፈተ እንጂ በመስኮቱ የሚያየው ሰው ዐይን አልተለወጠም ነበር።

የቅርንጫፉ ኃላፊ ሴት ነበረች፤ ነገሩን ስነግራት አልተቆጣችም፣ ሠራተኛውንም በሰው ፊት አልገሠጸችም። የወሰደችው እርምጃ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባንኩ ዕቃውን የገዛበት ደረሰኝ ሳይያያዝ የሽያጩ ውል እንዳይፈረም ሥርዓት አበጀች። ሁለተኛ፣ አዲስ ለሚመጡት ሠራተኞች ሙራባሓን እንዲያስረዳ ያንኑ ነባር ሠራተኛ መደበችው። ሊያስተምር ሲል እርሱ ራሱ ተማረ። ዛሬ እኔን የሚያርመኝ እርሱ ነው።

ይህን ባየሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ የተምሩ ግንድ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ኹጥባ ሲያደርጉ አንድ የተምር ግንድ ይደገፉ ነበር። ሚንበር ተሠርቶላቸው ወደዚያ በተሻገሩ ጊዜ ግንዱ እንዳለቀሰ፣ እርሳቸውም ወርደው እስኪረጋጋ ድረስ እንዳቀፉት በሐዲስ ተላልፎልናል። ልብ በሉ፤ ግንዱ አለቀሰ ተብሎ ሚንበሩ አልተተወም፤ ሚንበር ተሠራ ተብሎም ግንዱ አልተናቀም።

ስለ ሌላው ዓለምም ጥቂት ልጨምር። ማሌዥያ በ1983 እ.ኤ.አ. ከወለድ ነፃ የሆነ ሙሉ ባንክ ከፍታ ነበር፤ በ1993 ደግሞ ነባሮቹ ባንኮች በመስኮት እንዲሠሩ ፈቀደች። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ሙሉ ባንክ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። የነባሮቹ ባንኮች መስኮቶችም አልተዘጉም። በእነዚያ ዓመታት በመስኮቱ የሠራ ሰው ሁሉ፣ ትልቁ በር ሲከፈት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት አንተም በአንድ ነባር ቤት ውስጥ ኃላፊ ትሆናለህ፤ መሥሪያ ቤት ይሁን፣ ትምህርት ቤት፣ ዕድር ወይም እንደ እኛ ያለ የመስጊድ ኮሚቴ። አዲስ ነገር ስታስገባ መመሪያ መጻፍ ቀላሉ ክፍል መሆኑን ዕወቅ። ዋናው ነገር፣ አለቃ በሌለበት ሰዓት ሠራተኛው የሚሠራው የትኛውን መሆኑ ነው። ስለዚህ የሥራውን ቅደም ተከተል አስተካክል፤ ነባሩን ሰው አታዋርድ፣ ይልቁን አስተማሪ አድርገው፤ የሚጠይቅህንም እንደ ጠላት አትቁጠረው። እንደኔ ከሚንበር ላይ የምትናገር ከሆንክ ደግሞ፣ ከመናገርህ በፊት ቃልህን ሰምታ ገንዘቧን ሣጥን ውስጥ የምታኖረውን እናት አስብ።

አላህ የሚጠቅመንን ለውጥ ይወፍቀን፤ ከሚጎዳን ይጠብቀን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።