የበገናው መምህርና ደቀ መዝሙሩ



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ስለ አንድ ሰው ሕይወት እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ፥ ከመካከላችን አንዳንዱ ስለ ጦር ጀግና ይሁን አለ፤ አንዳንዱም ስለ ሊቅ ይሁን ሲል አሳብ አቀረበ። በመጨረሻ የተስማማነው ግን ስለ አንድ የበገና መምህርና ስለ ተማሪው ለመናገር ነው። አንድ ብለን ሁለት ስለ ማድረጋችን ይቅርታ እንለምናለን፤ የሁለቱን ታሪክ ለያይቶ መናገር ስላልሆነልን ነው።

መምህሩ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ይባላሉ። ተማሪው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንጦጦ የተወለዱት ዓለሙ አጋ ናቸው። ዓለሙ የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ፥ በበገና ደርዳሪነታቸው ስመ ጥር የነበሩት አለቃ ተሰማ ከወላጆቻቸው ቤት አጠገብ መጥተው ተቀመጡ። አለቃ በአቅራቢያው በነበረ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ስለ ነበር፥ በገናው ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፥ ከትምህርት ቤትም ወደ ቤት ይመላለስ ነበር። ይህን የማመላለሱን ሥራ ብላቴናው ዓለሙ በገዛ ፈቃዱ ያዘው። በገና ቁመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ፥ ገበቴው ከእንጨት ተፈልፍሎ በቆዳ የተለበጠ ዕቃ ነውና ለ12 ዓመት ልጅ ቀላል ሸክም አልነበረም። ነገር ግን ሸክሙ ወደ ትምህርቱ አደረሰው። የአብነት ተማሪ ውኃ እየቀዳ፥ እንጨት እየለቀመ፥ የኔታን እያገለገለ እንደሚማር ለምናውቅ ለመንዝ ልጆች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ስለ ዕቃው ጥቂት እንናገር፤ በዚህ ላይ ብንዘገይ አትቀየሙን።

በገና 10 አውታር አለው። በጥንቱ ልማድ አውታሩ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። የእኛ አገር በግ በጠጉሩ የታወቀ እንደ መሆኑ፥ ጠጉሩን ለበርኖስና ለባና እናውለዋለን፤ አንጀቱ የበገና አውታር እንደሚሆን ግን ከመካከላችን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ዓለሙ አጋ በሚደረድሩበት ስልት ከ10ሩ አውታሮች መካከል የሚመቱት 6ቱ ናቸው፤ የቀሩት 4ቱ ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። የሚመታውም በግራ እጅ ጣቶች ነው።

ይሁንና በገናን በገና የሚያሰኘው የአውታሩ ብዛት አይደለም፤ እንዚራው ነው። እንዚራ ማለት በበርኩማው ላይ ከያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት። አውታሩ ሲመታ እየተርገበገበ የበርኩማውን ጠርዝ ይነካል፥ ደግሞ ይለቃል። በዚህ ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን አይወጣም፤ ከእርሱ በላይ ያሉ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይነሣሉ። ንብ በቀፎ ውስጥ እንደምትተመው ያለ ግርማ የሚሰማን ከዚህ የተነሣ ነው። የበገና ቅኝት እጅግ ዝቅተኛ ስለ ሆነ፥ አውታሩ ያለ እንዚራ ቢመታ ድምፁ ደብዛዛ ይሆናል፤ ከቤቱ ማዶ ለተቀመጠ ሰውም በደንብ አይደርሰውም። እንግዲህ አባቶቻችን ኤሌክትሪክ ሳይኖር ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ከቁራጭ ቆዳ ሠርተው ነበር ብንል አላጋነንንም። የሕንድ ሰዎችም ታንፑራ በሚባለው መሣሪያቸው ከአውታሩ ሥር ክር በማስገባት ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣሉ። የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሆን ብሎ ድምፅን የሚያሻክር የኤሌክትሪክ ሣጥን በገንዘባቸው እየገዙ በእግራቸው ሥር ያኖሩ ጀመር።

ታዲያ እንዚራዋ የት ላይ ትቀመጥ? ችግሩ ይህ ነው። በጣም ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ፈቀቅ ስትል ድምፁ ይታፈናል፥ ወይም እርግብግቡ ይጠፋል። ስለዚህ ደርዳሪው ከመቀመጡ በፊት እያንዳንዷን ቆዳ በጣቱ እየገፋ፥ በጆሮው እየፈተነ ማስተካከል አለበት። ዜመኛው የድምፁ ሠሪም ራሱ ነው ማለት ነው። ይህን በመጽሐፍ ጽፎ ማስተማር አይቻልም አንልም፤ ነገር ግን ጆሮ ከጆሮ፥ ጣት ከጣት አጠገብ ተቀምጦ እንደ መማር አይሆንም። አለቃ ተሰማ ለተማሪያቸው ካወረሱት ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለናል።

ዓለሙ አጋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምረዋል። ዘመናዊውን ትምህርት ለማግኘት በገናውን መጣል እንዳላስፈለጋቸው ጓደኞቻችን ልብ እንዲሉልን እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ1972 ሲንቲያ ኪምበርሊን የተባሉ የሙዚቃ ተመራማሪ ድርደራቸውን ለዩኔስኮ ቀረጹ። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም የበገና መምህር ሆኑ፤ ተሸካሚው ልጅ በተራው ወንበር ዘረጋ።

ወንበሩ ግን አልጸናም። በ1967 ዓ.ም. መስከረም ወር ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፥ በገና የሃይማኖት መሣሪያ በመሆኑ ከራዲዮ ታገደ፤ በያሬድ ትምህርት ቤትም ትምህርቱ ቆመ። ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራቸውን ለቀው በፒያሳ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፈቱ። በአደባባይ ያልተፈቀደውን በቤት ውስጥ ለወዳጆቻቸው ይደረድሩ ነበር። አንድ የመጽሐፍ ሥራ ለ10 ወይም ለ15 ዓመት ቢታገድ መጽሐፉ በሣጥን ውስጥ ይቆያል። በጆሮና በጣት ያለ ዕውቀት ግን ሣጥን የለውም፤ ሽማግሌው ሲሞት አብሮ ይቀበራል። በዚያ ዘመን በየገጠሩ ስንቱ አብሮ እንደ ተቀበረ የቆጠረ ሰው መኖሩን አልሰማንም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ በገና እንደ ገና ወደ አደባባይ ወጣ። የዓለሙ አጋ ድርደራ በፈረንሣይ አገር ኢትዮፒክስ በሚል ስም በተከታታይ ከወጡት አልበሞች መካከል 11ኛው ሆኖ ታተመ፤ በውጭ አገርም ብዙ ሰው በገናን ያወቀው በዚህ ነው። በአዲስ አበባ በገና የሚማሩ ወጣቶች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ እየበዙ ሄዱ። ሴቶች እኅቶቻችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ማለታቸውን ከዚህ ሆነን እናያለን።

ወደ መሐል ሜዳ ስንመለስ አንድ ልመና አለን። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር የሰሙ፥ ወይም ራሳቸው የደረደሩ አባቶችና እናቶች በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደማይጠፉ እናምናለን። አውታሩ ተበጥሶ፥ ቆዳው ደርቆ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ በገና በቤቱ ያለውም ይኖራል። እንዚራዋ የት እንደምትቀመጥ የሚያውቅ አባት አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው ቢያሳዩን፥ እኛ ተማሪዎች አጠገባቸው ለመቀመጥ ተዘጋጅተናል። አውታር የሚሆነውን የበግ አንጀት ከየቤታችን እናመጣለን። በገናውን ከቤትዎ እስከዚህ፥ ከዚህም እስከ ቤትዎ የምንሸከም እኛ ነን፤ ቀኑን ብቻ ይንገሩን።