ቦርሳ ጠባቂዋ እናት

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በገንዘብ ያዥዋ የቀረበ ንግግር



በዚህ ስብሰባ ላይ ወትሮ የምቆመው ሒሳብ ለማሰማት ነው። ዘንድሮ ግን ሊቀመንበራችን «የነሐሴውን ጉዞ አንቺ ተናገሪ» አለችኝ። ለምን እኔን እንደመረጠች አባላት ታውቃላችሁ። ጉዞውን አጥብቄ የተቃወምኩት እኔ ነበርኩ።

ዓምና «ልጆቻችንን ይዘን ለቅዳሜና እሁድ ፔንሲልቬንያ ሄርሺ ፓርክ ብንሄድስ?» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ እጄን አወጣሁ። «በዚህ ገንዘብ ለቅሶ እንደርስበታለን፣ የታመመች እህት እንጠይቅበታለን። ለጋሾቻችን ገንዘብ የሰጡን ለሮለር ኮስተር ብለው አይደለም» አልኩ። ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁልኝ። በመጨረሻ የማኅበሩ ካዝና ሳይነካ፣ መሄድ የምትፈልግ ከመጋቢት ጀምራ በየሳምንቱ 10 ዶላር እንደ ዕቁብ እንድታስቀምጥ ተስማማን። ሰብሳቢዋ እኔ ስለሆንኩ ሳልወድ በግድ ገባሁበት።

እውነቱን ለመናገር፣ የተቃወምኩት ለማኅበሩ ገንዘብ ተቆርቁሬ ብቻ አልነበረም። ቅዳሜና እሁድ ሥራ ላይ ነኝ፤ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። «የምሠራው ለእሷ ነው» እያልኩ ከእሷ ጋር የምውልበት ቀን አልነበረኝም። የምንነጋገረው ፍሪጅ ላይ በምለጥፈው ወረቀት ነበር፦ «ወጥ አለ፣ አሙቂና ብዪ።» ጉዞውን ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። «አንቺ እኮ ሁልጊዜ ቦርሳ ነው የምትጠብቂው» አለችኝና ክፍሏ ገባች።

እውነቷን ነው። ልደትም ይሁን መዋኛ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰውን ሁሉ ቦርሳና ጃኬት የምጠብቅ እኔ ነኝ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ እናቶች ብዙዎቻችሁ ያን ወንበር የምታውቁት ይመስለኛል።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሳን። ድፎ ዳቦው፣ ቆሎው፣ በፔርሙዝ የተያዘው ቡና ሁሉ አውቶቡስ ውስጥ ነበር። መንገዱ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ምሳችንን ከፓርኩ በር ውጭ በልተን ገባን። በሩ አካባቢ የልጆችን ቁመት ይለካሉ፤ እያንዳንዱ የቁመት ደረጃ የሚጠራው በከረሜላና በቸኮሌት ስም ነው። ቁመቷ ያልደረሰላት ትንሿ ልጃችን ብታለቅስም፣ ለእሷ የሚሆን ብዙ መጫወቻ ነበር።

እዚያ ስለ ቦታው የተረዳሁት ነገር አፌን አስያዘኝ። ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1906 የመሠረተው የቸኮሌት ፋብሪካው ባለቤት ሚልተን ሄርሺ ነው። ያሠራው ለሀብታም አልነበረም፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው እንዲያርፉበት ነበር። እሱና ባለቤቱ ካትሪን ልጅ ስላልነበራቸው በ1909 ወላጅ ላጡ ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ዛሬም ፓርኩን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ባለቤት ለዚያ ትምህርት ቤት የቆመው የአደራ ተቋም ነው። እኔ ዕረፍትንና ዕርዳታን በሁለት መዝገብ ነበር የምጽፋቸው። እዚያ ግን ሁለቱም በአንድ ቤት ይኖራሉ።

ወጣቶቹ በ2020 ወደ ተከፈተው ካንዲሞኒየም ሮጡ። ከፍታው 210 ጫማ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 76 ማይል ነው። እኔ እንደ ልማዴ ወንበር ፈልጌ ቦርሳዎቹን ደረደርኩ። ያን ጊዜ ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ እናታችን መጡና «ተነሺ፣ እኔ እጠብቃለሁ። እኔን ደም ግፊቴ ይከለክለኛል፣ አንቺን ምን ይከለክልሻል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ልጄ አዘነችልኝና ወደ ኮሜት ወሰደችኝ። ኮሜት በ1946 የተሠራ የእንጨት ሮለር ኮስተር ነው፤ ከፍታው 84 ጫማ ነው። ለእኔ ግን እሱም ሰማይ ነበር። ነጠላዬን አጥፌ አስቀመጥኩ፣ ብረቱ ጭናችን ላይ ወረደ፣ ባቡሩ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ከሥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። የሆነ ነገር እየተሰበረ መሰለኝ። «አውርዱኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ልጄ እጄን ያዘችና እንግሊዝኛና አማርኛ እየቀላቀለች አስረዳችኝ። «እማዬ፣ ይሄ ድምፅ እኮ ጥሩ ነው። ወደ ላይ የሚጎትተን ሰንሰለት ነው። ቀጭ የሚለው ደግሞ ሰንሰለቱ ቢበጠስ እንኳ ወደ ኋላ እንዳንንሸራተት የሚይዘን ብረት ነው። ጫፍ ከደረስን በኋላ ሞተር የለም፣ በራሳችን ክብደት ነው የምንሄደው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ኮረብታ ከሁሉም የሚበልጠው።» ትምህርት ቤት የተማረችው ነው። ልጄ ይህን እንደምታውቅ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወረድን። እኔ «እመቤቴ!» ስል ከኋላዬ ያለችው እህታችን «ያ አላህ!» ትላለች። ስንቆም ሦስታችንም እንባ በእንባ ሆነን እንስቅ ነበር። ልጄ «እንድገም?» አለችኝ። ደገምን።

ያን ምሽት ሆቴል ውስጥ ልጄ እንቅልፍ እምቢ አላትና ወሬ ጀመረች። ትምህርት ቤት ከቀየረች ጀምሮ ምሳዋን ብቻዋን እንደምትበላ የነገረችኝ ያን ሌሊት ነው። ወራት አልፈውት ነበር፤ እኔ አላየሁም። ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ከተመለስን በኋላ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ እሁድ ሥራ ትቻለሁ። ገቢዬ ቀንሷል፣ አልደብቃችሁም። በጉዞው ላይ የተዋወቀቻቸው የእናንተ ልጆች ግን ዛሬም ቤቴ ይመጣሉ።

እህቶቼ፣ ሥራ ባጣሁበት ክረምት የቤት ኪራዬን የከፈላችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ስወጣ ወደ ኋላ እንዳልንሸራተት የያዘኝ ብረት ይህ ማኅበር ነው። ነገር ግን መያዝ ብቻውን አይበቃም። ሰው አንዳንዴ ጫፍ ደርሶ መሳቅም አለበት።

ስለዚህ ዓምና የተቃወመችው ገንዘብ ያዥ ዘንድሮ ሐሳብ ታቀርባለች። በሳምንት 10 ዶላር መቆጠብ አቅቷቸው ሦስት እህቶች ከነልጆቻቸው ቀርተዋል። ከለቅሶውና ከሕመምተኛው ገንዘብ ሳንነካ ለእንደነሱ ዓይነት እህቶች የተለየ ሣጥን እንክፈት። ለጋሾቻችን ብትፈቅዱ ዓላማውን አውቃችሁ ትጨምሩበታላችሁ፤ እኔም እያንዳንዱን ሳንቲም ጽፌ አሳያችኋለሁ። የልብ ሕመም፣ ደም ግፊት፣ የወገብ ችግር ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች ሮለር ኮስተሩ ይቅርባችሁ፤ ጉዞው ግን አይቅርባችሁ።

ቦርሳውን በየተራ እንጠብቃለን። የመጀመሪያውን ተራ የምይዘው እኔ ነኝ።