ጥቂት እንግዶች፣ ባለቤት የሆነ መንደር

(በአቃቂ ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴ አባላትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን በመጀመሪያ ሲሰሙት ከአቃቂ እጅግ የራቀ ይመስላል። ጥቂት ሰዎች ሆኖ ወደ ጃፓን ገጠር መሄድን፣ በገበሬ ቤት አድሮ ከቤቱ ሰዎች ጋር እየሠሩና እየበሉ ባህላቸውን መማርን ይመለከታል። ርእሱን እንድንመርጥ ያደረገን ግን የእናንተው ጥያቄ ነው። ከከተማው ጫፍ ባሉት የገበሬ መንደሮች የሚገኙ አጥቢያዎች እንግዳ እያሳደሩ ገቢ ማግኘት ይችሉ እንደሆነ ጠይቃችሁናል፤ አንዳንዶቻችሁም ስለ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ፣ ስለ አዳራሽና እንግዳ ስለሚያመላልስ አውቶቡስ አንሥታችኋል። የእኛ አሳብ ከዚህ ይለያል። እንዲህ ያለው ሥራ የሚጸናው የእንግዳው ቁጥር ትንሽ ሲሆን፣ ቁጥሩንም የሚወስነው የቤቱ ባለቤት ሲሆን ነው ብለን እናምናለን፤ ለዚህ ያበቁንን ነገሮች እንናገራለን።

ጃፓን ለሀገራችን ሰው አዲስ ስም አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ ተጉዘው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው አሳትመዋል። ከጉዟቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት አብነት ያደረገ ነበር። የዚያ ዘመን ምሁራን ከጃፓን ሊማሩ የፈለጉት ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ሠራዊትና ስለ አስተዳደር ነው። በእኛም ዘመን ካይዘን የሚባለው የሥራ ስልት በፋብሪካዎቻችን ሲነገር እንሰማለን። ስለ ገበሬዋ ጃፓን ግን እምብዛም አልተነገረንም።

የጃፓን ገጠር ከእኛ ገጠር በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል፤ ሰው አጥቷል። ከሀገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 29 ያህሉ ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ወጣቱ ወደ ቶኪዮና ወደ ኦሳካ ከሄደ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው የመንግሥት ጥናት 9 ሚሊዮን ያህል ቤቶች ሰው የማይኖርባቸው ሆነው ተገኝተዋል። በተራራ ላይ ያለው የሩዝ ማሳ በእርከን የተሠራ፣ በጋራ ቦይ የሚጠጣ በመሆኑ ቦዩን የሚጠርግ ጎረቤት ሲያንስ የሁሉም ውኃ ይታወካል። ስለዚህ እንግዳን በገበሬ ቤት ማሳደር የተስፋፋው ከጥጋብ የተነሣ አይደለም፤ ከጭንቀት ነው።

በኪዩሹ ደሴት፣ በኦይታ አውራጃ፣ ወይን የሚተከልባት አጂሙ የምትባል ቦታ አለች። ገበሬዎቿ እ.ኤ.አ. በ1996 በማኅበር ተደራጅተው ቤታቸውን ለእንግዳ ከፈቱ። ፈጥኖ የገጠማቸው እንቅፋት የመንግሥት ደንብ ነበር። የማደሪያ ቤት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ለእንግዳ የሚሆን ቢያንስ 33 ካሬ ሜትር ክፍል እንዲኖረው፣ ምግብ የሚያቀርብ ከሆነም ከቤተሰቡ የተለየ ወጥ ቤት እንዲሠራ ይገደድ ነበር። ለአንድ አሮጌ ገበሬ ይህ ማለት አዲስ ቤት መሥራት ነው። የአውራጃው አስተዳደር በ2002 ደንቡን አላላው፤ እንግዳው ከቤቱ ሰዎች ጋር አብሮ የሚያበስል ከሆነ የተለየ ወጥ ቤት አያስፈልግም አለ። በሚቀጥለው ዓመትም ማዕከላዊው መንግሥት የ33 ካሬ ሜትሩን ግዴታ ለገበሬዎች አነሣ። እኛ በፕሮጀክት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ታሪክ የምንወደው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ገበሬው ሆቴል እንዲመስል መገደዱ ቀርቶ ቤቱ ቤት ሆኖ እንዲቆይ ተፈቀደለት። የአጂሙ ሰዎች አንድ ጊዜ ያደረውን እንግዳ የሩቅ ዘመድ፣ ዐሥር ጊዜ ያደረውን ደግሞ እውነተኛ ዘመድ ብለው ይጠሩታል።

ቆይታው ምን ይመስላል? እንግዳው ከትልቁ ከተማ በባቡር፣ ቀጥሎም በአነስተኛ አውቶቡስ ይደርሳል። በደጃፉ ጫማውን ያወልቃል፤ ይህ ለእኛ ማስረዳት አያሻውም፣ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ የምናደርገው ነው። የሚያርፈው ከሣር በተሠራ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ነው፤ ፍራሹ ማታ ይነጠፋል፣ ጠዋት ተጥፎ በቁም ሣጥን ይገባል። በድሮዎቹ ቤቶች መካከል ላይ በወለሉ ውስጥ የተቆፈረ ምድጃ አለ። ወቅቱ የሩዝ መትከያ ከሆነ እንግዳው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ችግኝ ይተክላል፤ የመከር ጊዜ ከሆነ ነዶ ያስራል፤ የበረዶ ወራት ከሆነ በረዶ ይጠርጋል፣ አትክልት በጨው ሲቀመጥ ያያል። ለእንግዳ ተብሎ የሚፈለሰፍ ሥራ የለም፣ የዕለቱ ሥራ ይበቃል። ከማዕዱ በፊት ሁሉም እጁን አጋጥሞ አጭር የምስጋና ቃል ይናገራል። እንግዳው ቋንቋውን አያውቅም፤ አያቲቱም የእርሱን አያውቁም። ግን አንድ ነዶ አብረው ካሰሩ በኋላ በምልክት መነጋገር አይቸግራቸውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የትምህርት ቤት ልጆች በእንዲህ ያሉ መንደሮች ሲያድሩ በአብዛኛው በአንድ ቤት አራት ወይም አምስት ሆነው ይመደባሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ምድጃ ዙሪያ የሚቀመጠው፣ በአንድ ድስት የሚጠግበው፣ አያቲቱ በስም የሚያውቁት ይህን ያህል ሰው ነው። ሃያ ሰው ሲመጣ ምግቡ በሠራተኛ ይቀርባል፣ ቤቱ አዳራሽ ይሆናል፣ አያቲቱም ወደ ጓዳ ይገባሉ።

ቁጥሩ ሲለቀቅ የሚሆነውንም ያው የጃፓን ገጠር ያሳየናል። ሺራካዋ የሚባለው የተራራ መንደር ከጎካያማ ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የቤቶቹ የሣር ክዳን እጅግ ሾጣጣ በመሆኑ ለጸሎት የተጋጠሙ እጆችን ይመስላል፤ ከክዳኑ ሥር ባለው ሰፊ ቆጥ ላይ የሐር ትል ይረባ ነበር። ክዳኑ በየ30 እና 40 ዓመቱ ሲታደስ መንደሩ በሙሉ ይወጣል። ይህን መረዳዳት ዩኢ ይሉታል። አንዳንድ ሰዎች ከደቦ ጋር ያመሳስሉታል፤ በእኛ አስተያየት ግን ይበልጥ የሚቀርበው ወንፈልን ነው። ደቦ ጠላና እንጀራ ተደግሶ የሚጠራ ሲሆን፣ ወንፈል ቀንን በቀን የሚመልስ ብድር ነው፤ ዩኢም እንዲሁ። እንግዲህ ይህ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ብቻ የሚኖርበት መንደር በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ይመጣበት ጀመር። አብዛኛው በአውቶቡስ መጥቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ሳያድር ይመለሳል። በበረዶ ወራት የሚደረገውን የመብራት ትርኢት ለማየት ከ2019 ጀምሮ አስቀድሞ መመዝገብ ግድ ሆኗል። መንደሩ በሩን መቆጣጠር የጀመረው ሕዝቡ ደጁን ከሞላው በኋላ ነው።

የኮያ ተራራ ገዳማት ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምሩናል። በዚያ ከሃምሳ ያህል የቡድሃ ቤተ መቅደሶች እንግዳ ያሳድራሉ። የእምነቱ ጉዳይ የእነርሱ ነው፤ እኛ የምናየው የእንግዳ አቀባበሉን ሥርዓት ነው። የሚቀርበው ምግብ ሥጋም ዓሣም የሌለበት ነው፤ እንግዳው ከየትም ሀገር ቢመጣ ማዕዱ አይለወጥለትም። በማለዳው ጸሎት እንግዳ ከኋላ መቀመጥ ይችላል፣ ፎቶግራፍ ማንሳት ግን በአብዛኛው አይፈቀድም። በዚህ የተቆጣ እንግዳ መኖሩን አልሰማንም፤ እንዲያውም የሚመጡት ለዚህ ነው። በሁዳዴ እንግዳ ቢመጣብን ምን እናቀርባለን ብላችሁ ለተጨነቃችሁ እናቶች መልሱ ይኸው ነው፤ ሽሮውን፣ ስልጆውን፣ ተልባውን። ቅዳሴያችንም ለትርኢት የሚቀርብ አይደለም፤ እንግዳ የት እንደሚቆም፣ ምን እንደማያነሳ የሚወስኑት የደብሩ አባቶች ናቸው።

ይህ ሁሉ በባዕድ ሀገር ብቻ የተሞከረ እንዳይመስላችሁ። በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ፣ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ተስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ገበሬዎች እንግዳ ሲቀበሉ ቆይተዋል። መቋት ማርያም ከመጀመሪያዎቹ ማረፊያዎች አንዷ ናት። ከገደሉ አፋፍ ላይ የቆሙ ጥቂት ጎጆዎች ናቸው፤ እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ ጓዙን አህያ ይጭንለታል፣ የአካባቢው ልጅ መንገድ ይመራዋል፣ ምግቡን የመንደሩ ሰዎች ያበስሉለታል። በአንድ ማረፊያ የሚያድረው እንግዳ ከ6 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ጎጆዎቹ የመንደሩ ማኅበር ንብረት ናቸው።

መቄት የፈታው አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የኀፍረት ጥያቄ ነው። በእኛ ሀገር የመሸበት መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ሲቆም እግሩ ይታጠባል፣ መደብ ይለቀቅለታል፤ ስለ ዋጋ የሚያነሣ ቤተሰብ ግን በጎረቤት ፊት ይዋረዳል። እንግዲህ እንግዳን በገንዘብ ማሳደር እንዴት ይቻላል? በመቄት ዋጋው አስቀድሞ በቢሮ ይከፈላል፤ የመንደሩ ድርሻም ለማኅበሩ ይገባል። እንጀራውን ያቀረበችው ሴት ከእንግዳው እጅ ብር ስትቀበል አትታይም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በማዕዱ ላይ ገንዘብ አለመኖሩ እንግዳውንም ባለቤቱንም ነፃ ያወጣል። በዚህ ላይ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የእንግዳ ሥራ ከብዶ የሚያርፈው በሴቶች ላይ ነው፤ ውኃ መቅዳቱ፣ መጋገሩ፣ ከአቦል እስከ በረካ ቡና ማፍላቱ። ስለዚህ የማኅበሩ ገንዘብ የሚከፈለው በስማቸው መሆን አለበት፤ በባሎቻቸው ስም የሚወጣ ክፍያ እንዲኖር አንደግፍም።

ደግሞም መቄት ያየውን መከራ ሳንናገር አናልፍም። በኮቪድ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ፤ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፣ ከዚያም በኋላ በክልሉ ሰላም አልረጋም። እንግዳ ሳይመጣ የቀረበት ወቅት ረጅም ነው። ጃፓንም ብትሆን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 በኖቶ ልሳነ ምድር የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በእንግዳ ይኖሩ የነበሩ መንደሮችን አፍርሷል። እርሻውን ትቶ በእንግዳ ብቻ የሚተማመን ቤት እንዲኖር አንፈልግም። የእንግዳ ገቢ ከጤፉና ከሽምብራው ቀጥሎ የሚመጣ ይሁን።

ታዲያ ለአቃቂ የመጀመሪያው እንግዳ ማን ይሁን? ብዙዎቻችሁ የውጭ ሀገር ሰው ጠብቃችኋል። እኛ የምናስበው የቅርቡን ሰው ነው። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 በሦስት ሚኒስቴሮች ትብብር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ ገጠር ሄደው እንዲያድሩ የሚያደርግ ፕሮግራም ጀምሯል፤ የከተማ ልጅ ሩዝ ከየት እንደሚመጣ አያውቅም ነበርና። በቂሊንጦና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የተወለዱት ልጆቻችንስ? ከፎቁ ላይ ሆነው አውድማውን ያዩታል፤ ገብተውበት ግን አያውቁም። የአውድማው ባለቤት ልጅ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ወደ ማሳቸው ሲጠጋ እያየ ያድጋል። ሁለቱም ልጆች በጥምቀት አንዱን ታቦት ይሸኛሉ፤ አንዱ በሌላው ቤት ግን አድሮ አያውቅም። ብዙዎቹ ገበሬዎቻችን የሚነጋገሩት በኦሮምኛ በመሆኑ የከተማው ልጅ ቋንቋም ይማራል፤ ለዚህ ደግሞ አውሮፕላን አያስፈልገውም።

ያቀድነው ይህን ነው። ጊዜው ከጥምቀት በኋላ፣ በመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት፣ ውቂያው ሳያልቅ ይሁን። ሦስት ቤቶች፣ በየቤቱ አራት ልጆች፣ ሁለት ሌሊት። ከልጆቹ ጋር ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ኀላፊ በመንደሩ ያድራሉ፤ ወላጅ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ልጅ አይሄድም፤ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በተለያየ ቤት ያድራሉ። የልጆቹ ወላጆች የሚከፍሉትን በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ይከፍላሉ፤ ገንዘቡም በዚያው ሳምንት ለሦስቱ ቤቶች እመቤቶች ይደርሳል። ከዚያ በፊት መሠራት ያለበት ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ብር የምናወጣው ለዚህ ነው፣ ለአዳራሽ አይደለም። በዓል በሆነበት ቀን ሥራ የለም፤ ልጆቹ ከቤቱ ሰዎች ጋር ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ቡና ይጠጣሉ።

የቤቶቹን ምርጫ ለእናንተ ትተነዋል። ፈቃደኛ የሆኑ ቤተሰቦች ስንት ልጅ መቀበል እንደሚችሉ ራሳቸው ይንገሩን፤ አንድ ቤት ሁለት ብቻ ካለ ሁለት ይሆናል። ዝርዝሩን እስከ ኅዳር ጽዮን ለጽሕፈት ቤቱ ብታደርሱልን ወደ እያንዳንዱ ቤት መጥተን ከእመቤቲቱ ጋር እንነጋገራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።